አረቄ ያልነካው ምላስ

አጎቴ ናኽሌ ሊባኖስ ውስጥ በዛህሌ ከተማ ስምንት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለው። እሁድ እሁድ ጡረታ የወጡ መምህራን ይመጡና ምሳቸውን በጆግ ወይን ጠጅ እያወራረዱ እስከ አሥር ሰዓት ይቀመጣሉ። የጠርሙሱ ወይን በዶላር መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የሚያዝዘው የለም። የቀረው ከገበሬ በርሜል የሚቀዳው ርካሹ ወይን ነው። ባለፈው ዓመት የገዛው ግን በሁለት ወሩ ኮመጠጠና ከመምህራኑ ግማሾቹ ቀሩ። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ ምግብ ቤቱን እንደሚዘጋ ለሚስቱ ለአክስቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ።

አጎቴ ወይን ያውቃል። ችግሩ እንግዳ ሲመጣ በየመንደሩ አስቀድሞ አረቄ መቀዳቱ ነው። እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ ነው። እንስላል የሚሸት አረቄ ከጠጡ በኋላ ደግሞ የተበላሸውም ደህናውም ወይን አንድ ይሆናል።

ስለዚህ በየካቲት ወይን ሊገዛ ወደ ገበሬው አቡ ጠኑስ ቤት ሲሄድ እኔን ይዞ ሄደ። የምግብ ሳይንስ ተምሬያለሁ።

"እኔ እጠጣለሁ፣ አንቺ ትቀምሻለሽ" አለኝ መኪናው ውስጥ። "መድኃኒት ላይ ነኝ በይ።"

አቡ ጠኑስ ጥሬ ጉበትና ሽንኩርት አቀረቡና አረቄውን ቀዱ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ" አልኳቸው።

"የምን መድኃኒት?"

"የጉሮሮ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ብርጭቆውን እያሳዩኝ። "ለጉሮሮ ከዚህ የተሻለ የት ሊገኝ?"

"ሆዴንም ያመኛል።"

"ለሆድማ ሁለት ብርጭቆ ነው።"

አጎቴ ጉበቱን አተኩሮ ያይ ነበር። ባለቤታቸው ኡም ጠኑስ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ልጅቷን ተዋት እንጂ አንተ ሰው። ነይ የኔ ልጅ፣ ምድር ቤት መብራት ያዥልኝ።"

ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለት በርሜሎች ነበሩ። የፊተኛው ወይን ሊጠቁር የደረሰ ቀይ ነው። ቀመስኩት። ከሥሩ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ አለው፤ ለዛሬ ይጠጣል፣ ሙቀት ሲመጣ ግን ይኮመጥጣል። የኋለኛው ቀለሙ የሳሳ፣ ጣዕሙ ንጹህ ነበር።

"ይሄኛው ነው" አልኩ ሳላስበው።

"አውቃለሁ" አሉ ኡም ጠኑስ። "ከላይኛው ማሳ የተለቀመ ነው። እኔ አረቄ አልጠጣም።"

"ለአቡ ጠኑስ አልነገሯቸውም?"

"ማን ጠይቆኝ? እሱ ከቁርስ ጀምሮ አረቄ ይዞ ነው የሚቀምሰው። ጠቆር ያለ ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል።"

ስንወጣ ሁለቱ ወንዶች ከፊተኛው በርሜል አስቀድሞ የተቀዳውን ቀምሰው በዋጋው ተስማምተው ተጨባብጠዋል። የአጎቴ ጉንጭ ቀልቷል።

"አጎቴ" አልኩት። አልሰማኝም። ደግሜ ጠራሁት። "ከኋለኛው እንውሰድ።"

አቡ ጠኑስ ሳቁ። "ያንን ቀጭን? እሱን እኮ ለቀን ሠራተኞች ነው የማጠጣው። ናኽሌ፣ ይቺ ልጅ ውኃ ነው እንዴ የምትወደው?"

አጎቴ ፊቱ ካለው ብርጭቆ ተጎነጨ። "ሪንዳላ፣ ይሄ ግሩም ነው እኮ።"

"አሁን ነው ግሩም የሚመስልህ።"

"ተጨባብጠናል።"

"አውቃለሁ።"

ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። ከኋለኛው በርሜል ብቀዳለትም በዚያ ምላስ አይለየውም። ኡም ጠኑስ አንገታቸውን ደፍተው ሳህን ያነሳሉ። አጎቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የአረቄ ብርጭቆውን አየ።

"አቡ ጠኑስ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትማር የከፈልኩላት እኔ ነኝ" አለ። "ዛሬ ካልሰማኋት መቼ ልሰማት ነው? የኋለኛውን ቅዱልኝ።"

"እንደፈለግህ። ለቀጭኑማ ዋጋም እቀንስልሃለሁ። ኋላ ግን አቡ ጠኑስ ውኃ ሸጠልኝ ብለህ ስሜን እንዳታጠፋ።"

ወይኑን ጭነን ወደ ዛህሌ ተመለስን።

በማግስቱ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ካመጣነው ወይን ግማሽ ብርጭቆ ቀዳ። ወይኑን ብዙ ጊዜ አፉ ውስጥ አቆይቶ ዋጠውና ሌላ ግማሽ ጨመረ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞሮ አክስቴን ለእሁድ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደምታዝዝ ጠየቃት።