ዓሣውን ማን ሰቀለው?

«እዚህ ቤት ለመግባት ምን ዓይን አለዎት?» አለች ኤፊ፣ በሩን በትከሻዋ ዘግታ።

ሽማግሌው ቶርሞድ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ደጃፉ ላይ ቆመ። ነፋሱ ነጭ ጸጉሩን ያመሰቃቅለዋል። ከኤፊ ኋላ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ የባሏ የሙርዶ አስከሬን በሳጥን ተኝቷል፤ ጎረቤቶች አግዳሚዎቹ ላይ ተጨናንቀው መዝሙረ ዳዊት ያዜማሉ። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው።

«የምለው የለኝም። መቅረት ግን አልቻልኩም» አለ ቶርሞድ።

«እማዬ፣ ተይ፣ ሰው ይሰማል» ብላ ልጇ ሺና ክንዷን ያዘቻት።

«ይስማ!»

ቢሆንም ዞር ብላ አሳለፈችው። በሉዊስ ደሴት ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ከደጅ የመለሰ የለም።

ሙርዶ የሞተው ከትናንት ወዲያ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቶርሞድ ግቢ ውስጥ ነው። ሐኪሙ «ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ልብህ አይችልም» ካለው ወር አልሞላውም ነበር። ቶርሞድ ወገቡን ታሞ እሳት በሌለው ቤት ተቀምጧል ሲሉት ግን፣ ከረግረጉ ቆርጠው ያደረቁትን የማገዶ አፈር በጆንያ ሞልቶ ተሸከመ።

«ልብህስ?» ብላ ጮኸችበት።

«እሱ ይሞላዋል» አለና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሳቀ።

ሦስተኛው ጆንያ ላይ ወደቀ።

ይሞላዋል! ሠላሳ አራት ዓመት የሰማችው ቃል። በግ ለጎረቤት ሲሰጥ ይሞላዋል፤ የልጆቹን ብርድ ልብስ ለመንገደኛ ሲያለብስ ይሞላዋል። እሷ የትምህርት ቤቱን ድስት ስታጥብ ውላ፣ ላሟን አልባ፣ ሹራብ እየሠራች ጣቶቿ ሲደነዝዙ፣ ማን እንደሚሞላው አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

መዝሙሩ አለቀ። ወጣቱ ፓስተር መጽሐፉን ዘግቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሙርዶ ራሱ ነው ያጫወተኝ። ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ፣ በአንድ ክረምት፣ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች የመጨረሻውን የድንች ጆንያ ሰጠ። ለነገ የሚበሉት አልነበራቸውም። ጠዋት በሩን ሲከፍት ምን አየ? አሥራ ሁለት ዓሣ በገመድ ተሰክቶ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል። ለስድስት ነፍስ፣ ሁለት ሁለት። የእግዚአብሔር ጎተራ ጎድሎ አያውቅም።»

«ውሸት ነው!»

ሁሉም ዞረ። ኤፊ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች።

«ዓሣውን የሰቀለው ኬኒ ነው፣ ወንድሜ! ሄጄ የለመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሙርዶ ሳያውቅ፣ በዝናብ፣ እስከ ወደቡ በእግሬ። ጠዋት እንደ ሕፃን እየዘለለ ‹ኤፊ፣ ነይ እዪ!› ሲለኝ፣ ደስታውን እንዳልገድልበት አፌን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ተአምር ሠራሁለት! እሱ ሲያመሰግን እኔ ስሮጥ ኖርኩ። ልቡንስ እንድሞላለት የት ልሩጥ ኖሯል? እስቲ ንገሩኛ!»

ጥግ ላይ ኬኒ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«እታለም...» አለ በመጨረሻ። «እኔ አይደለሁም።»

«ምኑን?»

«ዓሣውን። ያን ሳምንት ማዕበል ነበር፤ ጀልባዬ ከወደቡ አልወጣችም። ቤቴ ውስጥ አንድ ዓሣ አልነበረም። የለኝም ለማለት አፍሬ ነው እሺ ያልኩሽ። በማግስቱ መጥተሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ ስታለቅሺ... በቃ፣ ዝም አልኩ።»

«ሠላሳ ዓመት ምስጋናዬን ስትበላ ኖርክ?»

«በላሁ።»

አንዲት አሮጊት ሳቋን በመሐረቧ አፈነች።

«ታዲያ ማን ሰቀለው?» ኤፊ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየች። ግማሾቹ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አንዱም ዓይኑን አልሰበረም፣ አንዱም እኔ ነኝ አላለም። ቶርሞድም አይደለሁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ደሟ ፈላ። ይህን ሁሉ ዓመት ሌላው ቢቀር «እኔ ነበርኩ» የምትለው ነገር ነበራት፤ ንዴቷም የቆመው በዚያ ላይ ነው። አሁን እሱንም ነጠቋት። ከሰዉ ፊቷን አዙራ ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«እንግዲያው አንተ ከሆንክ፣ በዚያ ማዕበል ዓሣ ካገኘህ፣ አንድ ጆንያ የሚሸከም ጎረምሳ አጣህ? ይህን ያህል ጠፋብህ?»

ዝም በይ ያላት የለም። ሺናም አላለችም።

«እኔም አላውቅም፣ እትዬ ኤፊ» አለ ፓስተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ። በሁለቱ ቀን ከሰማችው ሁሉ ያላናደዳት ይህ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወንዶቹ ሳጥኑን በቃሬዛ አንስተው በሁለት ረድፍ ወደ መቃብሩ መንገድ ወጡ። ጥቂት እርምጃ በሄዱ ቁጥር ከፊት ያሉት ለቀው ከኋላ ያሉት ይተካሉ። ሴቶቹ እንደ ወጉ አጥሩ በር ላይ ቀሩ። ኤፊ ስታይ፣ ከረድፉ መጨረሻ ቶርሞድ ጎብጦ፣ ካፖርቱ በነፋሱ እየተውለበለበ፣ ተራውን ይጠብቃል።

አጥሩን አልፋ መንገዱ ላይ ወጣች። ወንዶቹ ተያዩ፤ የከለከላት ግን የለም።

«በዚህ ወገብዎ የት ይሄዳሉ?»

«ልሸከመው። እሱ እኮ ለእኔ ብሎ...»

«ይገድልዎታል!»

«ይግደለኝ።»

«አይሞቱም! በእኔ ሰው ላይ ደርበው አይሞቱብኝም፣ ሰምተዋል?»

ካፖርቱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። ልትመታው የመጣች መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። ኤፊ ጥርሷን ነክሳ ከታች ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። የአንገቱ ቁልፍ ቀዳዳው ጠባብ ነበር፤ ሁለቴ አመለጣት። እስኪገባ ድረስ አለቀቀችውም።