ናማካው ያልፈረመችው ደብዳቤ

ከሩቅ መንደር የሚመጡት ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ዙሪያ የሣር ጎጆ እየተከራዩ ለብቻቸው ይኖራሉ። ናማካው ጀንበር ስታዘቀዝቅ በየጎጆው እየዞረች የልጃገረዶቹን በር ትገፋለች። በሩ ከተከፈተላት ትቆጣለች፤ ካልተከፈተላት "ጎሽ!" ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ልጆቹ "መቀርቀሪያ" የሚል ስም አውጥተውላታል። እየሰማች እንዳልሰማች ትሆናለች። "መቀርቀሪያ መጣች!" የሚለው ሹክሹክታ ከጎጆ ጎጆ ሲቀድማት ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ስሟን ያነሳ ሰው እነሱ ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመንግሥት ሥራዋ ተማሪ ማማከር ነው። ማን ነርስ፣ ማን አስተማሪ፣ ማን ፖሊስ ቢሆን እንደሚሻለው ውጤቱን አይታ ትመክራለች፤ ማመልከቻ ታስሞላለች፤ የድጋፍ ደብዳቤ ትጽፋለች። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ ወደ መዳብ ማውጫው ከተሞች ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር መሥርቷል። ልጅ አልወለዱም።

ከስድስት ዓመት በፊት ሊምፖ የምትባል፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ተማሪ ነበረቻት። ናማካው በሊቪንግስተን ከተማ የሆቴል ሙያ ያስተምራል የተባለ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አየች። ብትደውል አንዲት አንደበተ ርቱዕ ሴት አነጋገረቻት። ናማካው የድጋፍ ደብዳቤውን ራሷ ጻፈች፤ ማህተሙን ራሷ መታች፤ የልጅቷን ሻንጣ ተሸክማ እስከ ጀልባው ድረስ ሸኘቻት። ሊምፖ የደወለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ማዳም፣ እዚህ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም። ግን አንድ ሰውዬ ሌላ ቦታ እወስዳችኋለሁ ብሎናል" አለች። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። ለፖሊስ አቤት ተባለ፣ በሬዲዮ ተነገረ፤ የልጅቷ ደብዛ ጠፍቶ ቀረ።

የሊምፖ እናት በጀልባው ማቆሚያ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። ናማካው ከዚያ ወዲህ ወደ ማቆሚያው ወርዳ አታውቅም። ዛምቤዚ ዳር እየኖረች፣ ቡሆቤዋን፣ የበቆሎ ገንፎዋን፣ በዓሣ ሳይሆን በባቄላ ነው የምትበላው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በመጣበት ሰሞን ሴፒሶ ወደ ቢሮዋ ገባች። ትከሻዋ የሰፋ፣ ጥፍሯ ግራሶ የማይለየው ልጅ ናት። እንደ አገሩ ወግ በርከክ ብላ ሁለት ጊዜ በቀስታ አጨበጨበችና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

"ማዳም፣ እዚች ላይ ይፈርሙልኝ።"

ወረቀቱ በእጅ የተጻፈ ነው። ሲትዋላ የሚባል በሞንጉ ከተማ ወደብ የጀልባ ሞተር ጋራዥ ያለው ሰው፣ ልጅቷን ለሁለት ዓመት ሙያ እያስተማረ ሊያሠራት፣ ማረፊያና ምግብም ሊሰጣት ፈቅዷል። ከትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ስለ ጠባይዋ የሚመሰክር ደብዳቤ ነው።

"ሰውየውን የት ታውቂዋለሽ?"

"የክሊኒኩን ጀልባ ሊጠግን መጥቶ። እሱ እስኪደርስ ካንዴላውን ፈትቼ አጽድቼ ጠበቅኩት። 'ማን አስተማረሽ?' ሲለኝ 'ማንም' አልኩት። ሳቀ።"

"ሳቀ?"

"መሳቅም ወንጀል ሆነ እንዴ ማዳም?"

"ውጤትሽ እኮ ነርስነት ያስገባሻል።"

"ደም ሳይ እኮ ነው የምወድቀው! ለትምህርት ቤቱ በዓል ዶሮ ሲታረድ ከመሬት ያነሱኝ ማን ሆኑና?"

ናማካው ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። "ሴፒሶ፣ ለማያውቃት ሴት ልጅ ክፍልም ምግብም እሰጣለሁ የሚል ወንድ አላምንም።"

"ሚስት አለው።"

"ሚስት የሌለው ማን አለ? ሁሉም አላቸው።"

ልጅቷ ወረቀቱን ቀስ ብላ አጠፈችው። "ማዳም፣ እኔ ሊምፖ አይደለሁም።"

በዚያች ክፍል ውስጥ ያን ስም ሰው ከጠራው ስድስት ዓመቱ ነበር። ናማካው እስክሪብቶዋን ከድና አስቀመጠች። "አልፈርምም። ሂጂ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

በአሥረኛው ቀን አንድ ሽማግሌ በሯ ላይ ቁጢጥ ብለው ሲያጨበጭቡ አገኘቻቸው። የሴፒሶ አጎት፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር ቦንዳቴ ኢማሲኩ የሚባሉት ናቸው። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በቅል የረጋ ወተት ይዘዋል።

"ማዳም፣ ልጃችንን ሰው አደረጓት" አሉ። "እኔስ የወንድ ጋራዥ ውስጥ ምን ልትሠራ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። 'ማዳም ናማካው ፈርመውልኛል' ስትለኝ ግን፣ እሳቸው ያዩትን እኔ ምን አያለሁ ብዬ መርቄ ሸኘኋት።"

"መቼ ሄደች?"

"ሐሙስ ሳምንት አለፋት።"

"ደውላለች?"

"ኧረ የለም! ሥራ በዝቶባት ይሆናላ።"

አልፈረምኩም የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ሽማግሌው ግን ፊታቸው በርቷል፤ ቅሉንም በሁለት እጃቸው ዘርግተው ይዘዋል። በምን አፏ? መጀመሪያ ልጅቷ ያለችበትን ልወቅ አለች በሆዷ። ወተቱን ተቀበለች፤ አመሰገነች። ሰውየው ሲሄዱ ቅሉን ጥግ አስቀመጠችው እንጂ አልቀመሰችውም። የቅዳሜው ጀልባ የሚነሳበትን ሰዓት ጠይቃ ቦርሳዋን አዘጋጀች። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ወጥታለች፤ ሂጂ ፈልጊ ብሎ የሚያዛት ሕግም አለቃም አልነበረም።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ማቆሚያው ወረደች። ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ውጦታል። የጀልባው ነጂ ከሩቅ አያት።

"ማዳም! እኛ እኮ ውሃ ፈርተው ነው እንል ነበር! ይግቡ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለች!"

ቦታዋ ከሊምፖ እናት ፊት ለፊት ነበረች። ሴትየዋ በዓሣ ቅርጫቶች መካከል ተቀምጣ ወደ ሞንጉ ገበያ እየሄደች ነው። ናማካው ብትመለስ ሌላ ጀልባ እስከ ማክሰኞ የለም። ገባች። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ሴትየዋ ሸምበቆውን ታያለች፤ ናማካው የራሷን ጫማ ታያለች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሲሳሳቁ፣ በቆሎ ሲቃመሱ፣ ለናማካውም ሲዘረጉላት እጇን እያወዛወዘች እምቢ አለች። ዝናብ መጣ። የሊምፖ እናት ፕላስቲኩን ቅርጫቶቹ ላይ ስትስብ ጫፉን ናማካው ጉልበት ላይም ጣል አደረገችው።

"ለዓሣው ነው" አለች፣ ወደ ሌላ እያየች።

"አመሰግናለሁ፣ ቦማ" አለች ናማካው፣ በእናት ክብር እየጠራቻት።

ዝናቡ ሲያባራ ሴትየዋ እንደገና አፏን ከፈተች። "የት ነው የምትሄጂው?"

"አንዲት ተማሪ ሞንጉ ሄዳ ድምጿ ጠፍቷል።"

"ፈርመሽላት?"

"አይ። እምቢ ብያት ነው።"

"የእኔን ፈርመሽላት ሄደች፣ ይቺኛዋን እምቢ ብለሻት ሄደች" አለች ሴትየዋ። ድምጿ ውስጥ ስድብም ለቅሶም አልነበረበትም፤ ነገሩን ለራሷ የምታስረዳ ነው የምትመስለው። ቀጥላም፣ "እኔም እመጣለሁ። የሰውየውን ፊት ማየት እፈልጋለሁ" አለች።

ወደቡ እንደደረሱ ዓሣዋን ለአንዲት ባልንጀራዋ አደራ ሰጥታ ተከተለቻት። ጋራዡን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ የሞተሩ ጩኸት መራቸው። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሁለት ወጣቶች የተፈታ ሞተር ላይ አቀርቅረዋል። በስተጥግ ሴፒሶ ቱታ ለብሳ፣ በግማሽ በርሜል ናፍጣ ውስጥ መፍቻ ታጥባለች።

ናማካው ስታያት የበሩን እንጨት ያዘች።

"ማዳም!" ሴፒሶ ብድግ አለች፤ ፊቷ ግን ወዲያው ጨለመ። "ሊመልሱኝ ነው?"

"ላይሽ ነው። አጎትሽን ዋሸሻቸው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "ካልዋሸሁ አይለቁኝማ። ስልኬ ውሃ ገብቶበት ነው ያልደወልኩት። እሱ እውነት ነው።"

ሲትዋላ ከጓሮ መጣ፤ አጭር፣ ሸበቶ፣ መነጽሩን በሽቦ ያሰረ ሰው ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ለሁለቱም ሴቶች አጎነበሰ። "መምህሯ እርስዎ ነዎት? እንዳልፈረሙላት ነግራናለች። ያለ ደብዳቤ ሞተር አላስነካሽም ብያት ይኸው መፍቻ ስታጥብ ሰነበተች። በነገው ጀልባ ወደ አጎቷ ልመልሳት ነበር።"

ናማካው በየዓመቱ ለተማሪዎች የምታነብላቸው የጥንቃቄ ዝርዝር ነበራት፤ አሁን አንዷም አልመጣላትም። የጠየቀችው የሊምፖ እናት ነበረች።

"መታወቂያዋን ማን ያዘው?"

"እኔው ጋ ነው" አለች ሴፒሶ፣ ከቱታዋ ኪስ እያወጣች።

"የምትተኛው የት ነው? ከማን ጋር? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ቤቴ ልሂድ ስትል ማን ያሳፍራታል?"

የሲትዋላ ሚስት ከኩሽና ወጥታ ሁሉንም ሰማች፤ አልተቆጣችም። "ኑ እዩት" አለችና ወሰደቻቸው። ክፍሏ ከባልና ሚስቱ መኝታ ጎን፣ ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ነው። የሊምፖ እናት ገብታ የመስኮቱን ብረት ነቀነቀች፤ አልጋውን ነካች፤ ፍራሹን ገልጣ አየች። ልጆቹን ስማቸውን፣ የሚማሩበትን፣ አባታቸው ሲጠጣ እንዴት እንደሚሆን ጠየቀቻቸው። ትንሿ፣ "ይዘፍናል" አለች፤ "በጣም መጥፎ አድርጎ!" ሚስትየዋ ሳቀች። የሊምፖ እናት አልሳቀችም፤ ግን ራሷን ነቀነቀች።

ናማካው ዘይት በጠገበው ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤውን ጻፈች። ስትፈርም እጇ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሦስተኛው ላይ ጨረሰችው።

"ማህተሙን ሌላ ቅጂ ላይ መትቼ በጀልባ እልካለሁ። አንቺ ግን ዛሬውኑ ስልክ ተውሰሽ አጎትሽ ጋ ትደውያለሽ። እውነቱን ትነግሪያቸዋለሽ።"

"ይቆጡኛል።"

"ይቆጡሽ።" እስክሪብቶዋን ከደነችና፣ "ደግሞ ተሳስቼ ነበር፣ ሴፒሶ። እምቢ ከማለቴ በፊት መጥቼ ማየት ነበረብኝ" አለች።

ሴፒሶ ፈገግ አለች። ወዲያው ሲትዋላ "ነይ በይ፣ ይቺን ቡሎን ያዢ!" ብሎ ጠራት፤ ሮጣ ሄደች፤ ዞራም አላየችም።

ውጭ፣ የሊምፖ እናት ግድግዳውን ተደግፋ አፏን በመዳፏ ከድና ቆማለች።

"እንዲህ መጥተሽ ብታዪላት ኖሮ..." አለች።

"አዎ።"

"አዎ ብቻ?"

"ሌላ ምን ልበል፣ ቦማ? አላየሁላትም። የስልክ ድምፅ አምኜ ላክኋት።"

ለሴትየዋ በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም ይህን እንዲህ ብሎ የነገራት አልነበረም። ፖሊሱ ፋይሉ ይታያል ብሏታል፤ ርዕሰ መምህሩ አዝናለሁ ብሏታል። ፊቷን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

"ዓሣዬ ይበላሽብኛል" አለችና ወደ ገበያው ሄደች። ናማካው ልትከተላት አንድ እርምጃ ከተራመደች በኋላ ተወችው።

ማግስቱን የተመለሰችው ብቻዋን ነው። ጀልባው በስኳርና በጨው ጆንያ ተሞልቶ ሰው እምብዛም አልነበረበትም። ነጂው ሞተሩን አስነስቶ ወደ መሃል ከወጣ በኋላ ወደ እሷ ዞረ።

"ማዳም፣ ልጅ ፍለጋ ነው የሄዱት ሲሉ ሰማሁ። አገኟት?"

"አገኘኋት።"

"ታዲያ የታለች? ምነው ብቻዎን?"

"ሥራ ይዛለች" አለች ናማካው።

"እሰይ! ደግ ነዋ!" አለና ወደ ውሃው ዞረ። ጥቂት ቆይቶ ስለ ዝናቡ ሊያወራት ፈለገ፤ ሞተሩ ድምፁን ስለዋጠው ተወው። ናማካው ጆንያ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። ለቦንዳቴ ኢማሲኩ የምትናገረውን በልቧ ታሰላስል ነበር፦ ልጅዎ ደህና ናት፤ በዚያን ቀን ግን አልፈረምኩም ነበር። እስከ መንደሩ ሰባት ሰዓት ይቀራል፤ ቃሉን ደጋግማ ለማቃናት ከበቂ በላይ ጊዜ ነበራት።