የታችኛዋ ቀዳዳ

ሰውአገኝ በሰው ፊት የተናገረውን በሰው ፊት መልሶ አያውቅም። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባ አምስቱን የጎንደርን ግንብ ሲጠግን ስላሳለፈ ቃልም እንደ ድንጋይ ይመስለዋል፤ አንዴ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው። ሚስቱ አባይነሽ ይህን ጠባዩን ድርቅና ትለዋለች። እሱ ወንድነት ይለዋል። ልጃቸው ባምላክ ምን ይለው እንደነበር የጠየቀው ሰው የለም።

ነገሩ ከሰባት ዓመት በፊት የሆነ ነው። የፋሲል ግቢን የከበበው አጥር አሥራ ሁለት በር አለው፤ በያንዳንዱ በር የሚገባው ሰው የተለየ ነበር ይባላል። በእምቢልታ በር ነፊዎቹ፣ በባልደራስ በር ፈረሰኞቹ፣ በተዝካሮ በር ደግሞ ለሙት መታሰቢያ የተጠራው ሕዝብ። አስጎብኚዎች ይህን ለፈረንጅ ሲተርኩ ሰውአገኝ ከላይ ሆኖ እየሰማ ይስቅ ነበር። ሁሉም ስለ በሩና ስለ ንጉሡ ይጠይቃል፤ ስለ አጥሩ የሚጠይቅ አንድ እንኳ የለም።

እሱን ቢጠይቁት ኖሮ ይህ አንድ አጥር ሳይሆን ሁለት አጥር ነው ይላቸው ነበር። አንዱ ወደ ውጭ ያያል፣ አንዱ ወደ ውስጥ፤ መሀላቸው በኮረትና በኖራ የተሞላ ነው። ሁለቱን የሚያጋባቸው ማሰሪያ የሚባለው ረጅም ድንጋይ ነው፤ በየሦስተኛው ድርድር ከውጭው ፊት እስከ ውስጡ ፊት አቋርጦ ይተኛል። ማሰሪያው ካጠረ ሁለቱ አጥሮች ጎን ለጎን ቆመው ይቆዩና አንድ ክረምት ላይ ይለያያሉ። ማን እንዳሳጠረው ከውጭ አይታይም። የግንበኛ ታማኝነት ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር ነገር ነው።

ከተዝካሮ በር ዝቅ ብሎ ያለውን ያረጀ ክፍል አባትና ልጅ እንደገና ገነቡት፤ አባት ከውጭ፣ ልጅ ከውስጥ። ባምላክ ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ እጁ ከአባቱ የቀለለ፣ ንግግሩም ከአባቱ ያነሰ። በመሀል ደባርቅ ላይ የሰውአገኝ አጎት ሞተና እሱ ለለቅሶ ሄዶ ስምንት ቀን ቆየ። ባምላክ እነዚያን ቀናት ከሠራተኞቹ ጋር ብቻውን ሠራ። ሥራው በግንቦት አለቀ። በነሐሴ አጥሩ ሆዱን ነፋ፤ በወሩ መጨረሻ አንድ ጧት ከጉልበት በላይ ያለው አራት ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ተዘረገፈ።

ሰው አልተጎዳም። ሰውአገኝ ግን ሮጦ ሲደርስ ማሰሪያዎቹን ክንድ ክንድ ሆነው ተበትነው አገኛቸው። አንዱን አነሳ፤ አጭር ነው። ሌላውን አነሳ፤ እሱም አጭር ነው። ረጅሙን ማሰሪያ ለመሸከም አራት ሰው ያስፈልጋል፤ አጭሩን አንድ ሰው ይበቃዋል። ስምንቱ ቀን ትዝ አለው። መንገደኛው፣ ሠራተኛው፣ ሥራውን የሰጡት ሰዎች ሁሉ ቆመው እያዩ ወደ ልጁ ዞረ።

«ማሰሪያውን ቆርጠህ አዋረድኸኝ» አለው።

ባምላክ አባቱን አየው። ከዚያ በፈረሰው በኩል አሻግሮ ከአጥሩ በስተውስጥ የተኛውን ጉልበት የሚደርስ ውሃ አየ፤ ብዙ ጊዜ ወስዶ ነው ያየው። «አልቆረጥሁም» አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። መዶሻውን አባቱ እግር ሥር አስቀምጦ ሄደ። በሳምንቱ መተማ ነው ያለው ተባለ።

ድንጋዩ ተሰብስቦ ተከመረ፤ የአጥሩ እግር አፈርና ኖራ እንደተጫነው ቀረ፤ ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። በጀት የለም ሲባል፣ ሰላም የለም ሲባል ሰባት ዓመት እንዲሁ ኖረ። ሰውአገኝም ወደ ፒያሳ ሲወጣ በዚያ በኩል ላለማለፍ መንገድ ይቀይር ነበር።

ባምላክ እሑድ እሑድ ለእናቱ ይደውላል። በሄደ በመጀመሪያው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል «አባቴን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የታችኛዋ ቀዳዳ ክፍት ናት ወይ በይው» አላት። አባይነሽ ስልኩን ይዛ ደጅ ወጣች፤ ሰውአገኝ መሮውን እየሳለ ነበር። ጥያቄውን ነግራው ስልኩን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። ድንጋይ የቆረጠ ሰው አሁን ደግሞ ስለ ቀዳዳ ይጠይቀኛል ወይ ብሎ ወደ መሮው ተመለሰ። በዓመቱ ያው ጥያቄ መጣ። በሦስተኛውም ዓመት መጣ። ሰውአገኝ የልጁን ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ይሰማው ነበር፤ ርቀቱ አንድ እርምጃ አይሞላም።

በአራተኛው ዓመት ጥያቄው አልመጣም። ባምላክን መተማ ላይ ወባ ጣለው፣ በዘጠኝ ቀን ሞተ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አስከሬኑን የሚያመጣ መኪና ጠፋ፤ እዚያው ቀበሩት። ቁስቋም ሰፈር፣ ቤታቸው፣ መቃብሩን ሳያዩ ለቅሶ ተቀመጡ፤ ተዝካሩም ያለ መቃብር ወጣ። ሰውአገኝ በሰው ፊት አላለቀሰም። ደረቅ ሰው ነው ተባለ። ውስጡ ግን እንዲያ አልነበረም። ልጁን ይቅር ሊለው ነበር እኮ፤ ይመጣና ጥፋቱን ያምናል፣ እኔም እምረዋለሁ እያለ አራት ዓመት ያህል ሲጠብቀው ነው የሞተበት።

ዘንድሮ በመጋቢት ሥራው ተጀመረ። ጥገናውን የምትመራው መሐንዲስ ሰሚያ ትባላለች፤ አባቷ አራዳ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ፣ እሷ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ በኖራ የነጣ። ኖራ በውሃ አጥፍቶ ማቡካት የሚያውቅ ሽማግሌ አለ ሲሏት ቤቱ ድረስ ሄዳ ለመነችው። ወደዚያ አጥር አልሄድም አላት። ሁለተኛ መጣች። በሦስተኛው አባይነሽ ራሷ መዶሻውን፣ ያንን ባምላክ ትቶት የሄደውን፣ አውጥታ አስያዘችው።

ሰሚያ ከክምሩ ጀመረች። እያንዳንዱን ድንጋይ እያስለካች ቁጥር ትጽፍበታለች። በአራተኛው ቀን ሁለት አጫጭር ድንጋዮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ሰውአገኝን ጠራችው። «አያ ሰውአገኝ፣ ይህ የመሮ ሥራ ነው ወይስ ስብራት?» አለችው። ጎንበስ ብሎ አየ። መሮ የነካው ድንጋይ ጭረት ይኖረዋል፤ ይህ ግን አንድም ጭረት የለውም። ሰሚያ ሁለቱን ገፋ አድርጋ አገናኘቻቸው። ገጠሙ። አንድ ሙሉ ማሰሪያ ሆኑ፤ ከውጭው ፊት እስከ ውስጡ ፊት የሚደርስ። ሌሎች ሁለት አመጣች፤ እነሱም ገጠሙ። ሲወድቁ ነው የተሰበሩት አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሰውአገኝ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። አርባ አምስት ዓመት ድንጋይ ያየ ዓይን ያን ቀን ስብራትና ቁርጥ መለየት እንዴት እንዳቃተው ራሱን ጠየቀ። አልተመለከተማ። ተቆጥቶ ነበር፤ ሰው እያየው ነበር።

ልጁ ካልቆረጠ ታዲያ አጥሩን ማን ጣለው? ይህን ሰሚያም ማወቅ ትፈልግ ነበርና የአጥሩን እግር የሸፈነውን አፈር አስጠረገች። ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ከውጭው ፊት፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በኖራ የተደፈነ ቀዳዳ ታየ።

እዚህ ላይ የግንበኛን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። አጥር ከፍ ሲል ግንበኛው የሚቆምበት እርብራብ ይሠራል፤ የእርብራቡ እንጨት ግድግዳው ውስጥ በተተወ ቀዳዳ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ እንጨቱ ይነቀልና ዋናው ግንበኛ ራሱ ከላይ ጀምሮ እየወረደ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ይህ የዋናው ክብር ነው፤ ለልጁም ቢሆን አይሰጥም። የመጨረሻዋን፣ የታችኛዋን ሲደፍን እርጥቡ ኖራ ላይ አውራ ጣቱን ይጫንና አጥሩን መርቆ ይሄዳል።

ሰሚያ ተንበርክካ ድፍኑን አየች፤ ዞራ ከውስጥ በኩል ሄደችና ተመለሰች። ከውስጥ ያለው አፉ በኖራ አልተደፈነም፤ ውስጡን የገነባው ሰው በጠፍጣፋ ድንጋይ አሳምሮ ጠብቆታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደለል ጠቅጥቆታል አለች። «ይቺ የእርብራብ ቀዳዳ አይደለችም አያ። ከጉልበት በታች ማን እርብራብ ያቆማል? የግቢው ዝናብ መውጫ ናት። ስትደፈን ውሃው ከኋላ ተጠራቅሞ ገፋው።» ወረቀቷን አወጣች። «ማን እንደደፈናት አይታወቅም ብዬ ልጻፍ?»

ድፍኑ ላይ የአውራ ጣት ምልክት ነበረ። ጣቱ መሀል ለመሀል የተሰነጠቀ ጠባሳ አለው። ሰሚያ ይህን አላወቀችም፤ ከሠራተኞቹም ያስተዋለ አልነበረም። ሰውአገኝ ዝም ቢል በዚህ ዓለም የሚያውቅበት አልነበረም። በወጣትነቱ መዶሻ የሰነጠቀውን አውራ ጣቱን አየና ሄዶ ተንበርክኮ ምልክቱ ውስጥ ከተተው። ልክ ገባ።

«ሰውአገኝ ደፈናት ብለሽ ጻፊ» አለ። «ልጁ ባምላክ ማሰሪያ አልቆረጠም ብለሽም ጻፊ።»

«የልጅዎ ነገር እኮ ሪፖርቱ ላይ የለም» አለችው፣ ግራ ገብቷት።

«ይኑር።»

ከዚያ ቀና ብሎ ሠራተኞቹን ጠራ። ፋንታሁን የሚባለው ድንጋይ ጠራቢ አጥሩ በወደቀበት ጧት እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሌሎች ሁለትም ነበሩ። ለነሱም ደገመው፦ በልጄ ላይ የተናገርሁት ውሸት ነው፤ አጥሩን የጣልሁት እኔ ነኝ። ፋንታሁን ከተንበረከከበት ደግፎ አነሳው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልመለሰውን ቃል ለመመለስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ይኸው ነው ያንገበገበው።

ባጃጅ ይዞ ቁስቋም ሲደርስ አባይነሽ ደጅ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ መደብ ላይ ተቀመጠ። ከየት ልጀምር ብሎ ብዙ አሰበ፤ ሌላ መጀመሪያ ስላጣ የልጁን ጥያቄ መለሰ።

«ዝግ ነበረች» አላት። «የታችኛዋ ቀዳዳ። የዘጋኋትም እኔ ነኝ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ልትጮህ ነው፣ ልትረግመኝ ነው ብሎ ጠበቀ። አባይነሽ ግን አንገቷን ደፍታ «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ያን ጧት የተኛውን ውሃ ሲያይ ነው የገባው። ደባርቅ ሳለ ለውሃ የተውኋትን አባቴ የእርብራብ መስላው ደፍኗታል አለኝ፤ ሊሄድ ዕቃውን ሲሸክፍ። ምነው ታዲያ አትነግረውም ስለው፣ እሱ በሰው ፊት አዋረደኝ፣ እኔ ግን አባቴን በሰው ፊት አላዋርደውም አለ። በማርያም አስማለኝ። ጠይቂው እንጂ እንዳትነግሪው፣ ራሱ ሄዶ ይያት አለኝ።» ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች። «ሦስት ዓመት ጠየቅሁህ ሰውአገኝ። አንድ ቀን እንኳ ሄደህ ብታያት ልጄ ይመጣልኝ ነበር።»

ሰውአገኝ ያን ጊዜ አለቀሰ። ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ፣ ልጁ እንደሞተ ገና አሁን የተነገረው ያህል አለቀሰ። አባይነሽ አላባበለችውም። እሷ የራሷን ለቅሶ ብቻዋን የጨረሰችው ድሮ ነው፤ ለሱ የሚሆን አልተረፋትም።

አጥሩ በግንቦት አለቀ። ሰሚያ የእርብራቡን ቀዳዳዎች እንዲደፍን ብትጠራው ለፋንታሁን ይሰጥ አለ። በልማድ ለሌላ የማይሰጠውን ሥራ ሰጠ፤ እሱ ታች ተቀምጦ የውሃ መውጫዋን በባዶ እጁ ሲጠርግ ዋለ።

ሰኔ ስምንት ቀን የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወረደ። አባይነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ሳትጠራው ተነሳች፤ ተከትሏት ሄደ። ከተዝካሮ በር ዝቅ ብለው ከአጥሩ ሥር ቆሙ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ብዙ ቆይቶ ከቀዳዳዋ ጥቂት ጭቃ ወጣ፤ ከዚያ ድፍርስ ውሃ፤ ከዚያ እየጠራ በኃይል መፍሰስ ጀመረ። አባይነሽ ጎንበስ ብላ እጇን ከሥሩ ዘረጋች።

ሰውአገኝ ወደ ምዕራብ፣ መተማ ወዳለበት ዞረ።

«ክፍት ናት» አለ ጮክ ብሎ። «ክፍት ናት፣ ልጄ።»

አባይነሽ ቀና አላለችም። ውሃው በእጇ ላይ ይፈስ ነበር።