ትል ለመያዝ እጅ መታጠብ

እባብ ብትሉኝ እችለዋለሁ። ትል ግን፣ ይቅርታ፣ ፊትና ኋላው ከማይለይ ፍጡር ጋር ምን አገናኘኝ?

ያገናኘንማ ፈተና ነው። ሻትሌን በሚባል ሰፈር ባለው መዋዕለ ሕፃናት የረዳት አስተማሪነት ሥልጠናዬን ለመጨረስ የቀረኝ ፈታኝ ፊት አንድ ትምህርት ማስተማር ብቻ ነበር። ርዕሱን የመረጠችው የክፍሉ አስተማሪ ናት፦ የመሬት ትል። ካለፍኩ ቋሚ ሥራ አለኝ፤ ከወደቅኩ ዓመቱን እደግማለሁ።

ዙሪክ ላለው ወንድሜ ለሱራፌል ደወልኩ። ላንግሽትራሰ ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈ፣ "ጓንት አድርጊያ" አለኝ።

"አይፈቀድም። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፤ የሚይዘው እጅ ባዶና በውሃ የራሰ መሆን አለበት።"

"እንግዲያው የፈሩት ይደርሳል" ብሎ ሳቀብኝና ዘጋው።

ፈተናው ደረሰ። ፈታኟ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ልጆቹ አፈር የሞላውን ሣጥን ከበቡ። እኔ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ እንደ ሠርግ ቤት አስታጣቢ ዞርኩ። ሳሙና የለም፣ ፎጣ የለም፤ የታጠበው መዳፉን ይዘረጋል፣ ጓደኛው ትል ያስቀምጥለታል። አስታጣቢ ደግሞ ትል አይነካም። በብልሃቴ ኮራሁ። "ጆሮ የለውም፤ ወለሉን በእግራችሁ ብትመቱ ግን ይሰማዋል" እያልኩ ከሩቅ አስተማርኩ።

ማቲን ግን ረስቼው ነበር። አምስት ዓመቱ ነው፤ ወላጆቹ ያገሬ ልጆች ናቸው፣ ቤታቸው እንግዳ ሲመጣ የሚያስታጥበው እሱ ነው። ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰደ።

"አንቺ አልታጠብሽም" አለኝ በአማርኛ፣ ፈረንሳይኛ ጣል እያደረገ። "አሌ፣ በይ እጅ ስጪ።"

ፈታኟ እስክሪብቶዋን አነሣች። እጄን ሰጠሁት። የውሃውን ግማሽ እጄ ላይ፣ ግማሹን ጫማዬ ላይ አፈሰሰው። ከታጠቡ ወዲያ "ይቅርብኝ" ማለት ነውር ነው፤ ይህን እኔም እሱም እናውቃለን። ትሉን መዳፌ ላይ አኖረው።

ቀዘቀዘኝ። ኮረኮረኝ። ማቲ መዳፌ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ለትሉ በሹክሹክታ፣ "አይዞህ፣ አትበላህም" አለው።

ሳቄ አመለጠኝ። ልጆቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። ፈታኟ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስለ ትል የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ፣ እዚያው መሐላቸው ቆሜ።

በመጨረሻ ፈታኟ ተነሥታ፣ "አልፈሻል" ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ልጨብጣት እጄን ስሰድ ወደ ኋላ ሸሸች።

ትሉን እስከዚያ ድረስ መያዜን ያወቅኩት ያኔ ነው።