በአንድ ዓይን የተሣለው ጀግና

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው አለቃ ሰጠኝ ቅዳሜን በጉጉት ነበር የሚጠብቁት። የላሊበላው ሆቴል አልጋ አንጣፊ ጀውሀራ፣ እዚያው ሆቴሉ ውስጥ የሚኖረው ፈረንጅ ሐኪም በየሳምንቱ በፖስታ እየመጡለት አንብቦ የሚተዋቸውን የጀግና ሥዕል መጽሔቶች በዚያ ቀን ታመጣላቸዋለች። ዛሬ ሦስት አዲስ ይዛ መጣች።

አለቃ የፈረንጁን ጽሕፈት አያውቁትም፤ የሚፈርዱት በሥዕሉ ነው።

«እሰይ! እጁ ይባረክ!» አሉ፣ አረንጓዴ ካባ ለብሶ ከፎቅ ፎቅ የሚበረውን ሰውዬ እያዩ። «ነፋሱ ካባው ውስጥ ሲገባ እዪልኝማ! አርባ ዓመት መላእክት ስሥል እንዲህ የሚበር አልወጣልኝም።»

ሁለተኛው ላይ ብረት የምታጣምመውን ሴት ክንድ በጣታቸው እየተከተሉ «ወይ ጉድ!» አሉ።

ሦስተኛውን ሲገልጡ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ጀግናው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በእሳቸው ሙያ ደግሞ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ከሐዲ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው።

«አሣሣሉስ ግሩም ነው፤ ሰውዬው ግን ከሐዲ ነው።»

«ኧረ አለቃ! ሕፃን ከእሳት እያወጣ እኮ ነው!» አለች ጀውሀራ።

«ሊበላው ይሆናላ! የሠዓሊ እጅ አይዋሽም።»

ጀውሀራ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። አለቃም ዓይኗን ተከትለው አዩ። ቀበሌው ግድግዳ ላይ፣ የአብዮቱ አስተማሪዎች የተባሉት ሦስት ጺማም ፈረንጆች በትልቁ ተሥለዋል፤ ሦስቱም ወደ ጎን ዞረው፣ በአንድ በአንድ ዓይን።

አለቃ ተነሡና መስኮቱን ቀስ ብለው ዘጉት።

«የዚያንም ሠዓሊ» አሉ በሹክሹክታ፣ «እጁን ይባርከው።»