በነብር ዓመት የተወለዱ ይራቁ

መምህር ኬ ሆንግዩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓመታቱ በየተራ ከሚሰየሙባቸው፣ የተወላጁን ጠባይና ዕድል ይወስናሉ ከሚባሉት ከአሥራ ሁለቱ እንስሳት ጋር ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው። በየዓመቱ፣ አሮጌው እንስሳ ወጥቶ አዲሱ ሊገባ ሲል፣ በሉጋንግ ከተማ ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ ያወጣል። ያ ጽሑፍ በወጣ ሰሞን ኮከብ ቆጣሪዎቹ ሰላምታ ይነፍጉታል። «ሰውን በተወለደበት ዓመት አውሬ ነው የሚል፣ እሱ ራሱ አውሬ የሚሆንበትን ሰበብ እየፈለገ ነው» ብሎ ጽፏል። አንድ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ደንበኛ «አይጥ ስለሆንክ እኮ ነው ቆንቋና የሆንከው» ሲለው ሰምቶ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንደቀረ ተነሥቶ ወጥቷል። ሳምንት ሙሉ በባርኔጣ ዞረ እንጂ ተመልሶ አልገባም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው በወንድ ልጁ ሠርግ ጠዋት በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ምላሱ የታሰረው።

የበሬው ዓመት ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሙሽራይቱ ወገኖች የነብሩ ዓመት ሳይገባ ሠርጉ ይደረግ ብለው ስለወተወቱ ነገሩ ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። ሥርዓቱን እንድትመራም ወይዘሮ ፋንን ቀጥረው ልከዋል። ወይዘሮ ፋን ባሏ በሕይወት ያለ፣ ወንድም ሴትም የወለደች፣ «ባለ ሙሉ ዕድል» የምትባል ሴት ናት፤ ይህንንም ሰው ሳይጠይቃት ትናገራለች። ገና እንደገባች በሙሽሮቹ ክፍል በር ላይ «በነብር ዓመት የተወለዱ ይራቁ» የሚል ቀይ ወረቀት ለጠፈች።

ወረቀቱ ሳይደርቅ አሊየን ደረጃውን ወጣች። አሊየን የመምህሩ ታላቅ እህት ናት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው፣ ያስተማረችው እሷ ናት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህም ቤቱን የያዘችለት እሷ ናት። አሁን ክረምቱን ሙሉ የሰፋችውን፣ በሙሽሮቹ አልጋ ላይ የሚነጠፈውን ቀይ የሐር ብርድ ልብስ በትከሻዋ ተሸክማ፣ እያለከለከች፣ ፈገግ እንዳለች ትመጣለች።

«እሜቴ፣ ይቅርታ፣ ዓመትዎ ምንድን ነው?» አለች ወይዘሮ ፋን።

«ነብር» አለች አሊየን።

«ውይ! ታዲያ እንዴት ደፍረው ወጡ? ይውረዱ፣ ይውረዱ! ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት እኮ! አምና አንድ ፅንስ ወርዶባታል።»

«አንጥፌ እወርዳለሁ። አልጋው ላይ አልተኛ፤ ምን አስጨነቀሽ?»

«ነብር ባነጠፈው ማን ይተኛል? እኔ ያልኩት አይደለም፣ ያለ ነገር ነው። ነብር ሴት ግልፍተኛ ናት፣ እንቅልፍ የላትም፣ ጨጓራዋ አይድንም፣ ባሏን ትበላለች።»

«እንኳን ልበላው፣ ማን አቀረበልኝና!» አለች አሊየን። ከደረጃው ሥር ወንበር የሚደረድሩት ጎረቤቶች ሳቁ። አሊየንም አብራቸው ሳቀች፤ ዓይኖቿ ግን ወንድሟ ላይ ነበሩ።

ወይዘሮ ፋን ዓይኗን ተከትላ ዞረች። «መምህር፣ እርስዎስ?»

ሆንግዩ ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለው ነገር ነው፤ ተኝቶም ቢቀሰቅሱት ይወጣዋል። ከዚያም በላይ የሚያውቀው ነገር አለ። እሱ የተወለደው የነብሩ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። አሊየን ስትወለድ አያታቸው በዚያው ወር ሞቶ ነበርና፣ እናታቸው «ለአንድ ቤት አንድ ነብር ይበቃዋል» ብላ አምስት ቀን ወደ ኋላ ስባ በበሬ አስጻፈችው። አዋላጇ ስድስት እንቁላል ተቀብላ አፏን ዘጋች። የአሥራ ሁለት ዓመቷ አሊየን ያን ቀን ውሃ ያፈላች እሷ ነበረች፤ ዛሬ ይህን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው የለም።

ለእሱም የነገረችው በራሱ ሠርግ ዕለት ነው። ያኔም ነብር ናት ተብላ ከኩሽና እንዳትወጣ ተደርጋ ነበር። እሱ ሱሪውን ታጥቆ ድግሱን ሊበትን ሲነሣ እጁን ይዛ በጆሮው አንሾካሾከችለት፦ «አንተም ነብር ነህ፤ ሚስትህን እንዳያስቀሩብህ ዝም በል።» ዝም አለ። ግን እዚያው ምድጃ አጠገብ ማለላት። «የእኔ ልጅ ሲያገባ አልጋውን የምታነጥፊው አንቺ ነሽ። ሰማይ ቢወድቅ!»

ሰማዩ አልወደቀም። ወይዘሮ ፋን ብቻ ናት መልስ የምትጠብቅ።

«በሬ» አለ።

«እሰይ! ከዚህ የተሻለ ምን አለ! በሬ ታጋሽ ነው፣ ጤናው የተሟላ፣ ሆዱ ሰላም። በሬ ውሸት አይችልበትም። በሉ እርስዎ ያንጥፉት።»

አሊየን አንድ ሰው ልብሱን አስተካክሎ ጉሮሮውን ጠርጎ ለመናገር የሚበቃውን ያህል ጊዜ ሰጠችው።

«እትዬ» አለ ሆንግዩ። «ኩሽናው ይሞቃል። ለጉልበትሽም...»

«አዎ፣ ይሞቃል» አለችና ብርድ ልብሱን እጁ ላይ አኖረችለት።

አነጠፈው። ማዕዘኑን ከማዕዘን አላገናኝ ብሎት ሦስት ጊዜ ደጋገመ፤ ወይዘሮ ፋን «አይ ወንድ!» እያለች አረመችው። ርችቱ ተተኮሰ። ሙሽራይቱ ጂንግሩ ነፍሰ ጡር ስለሆነች እንደ ወጉ በጥላ ፈንታ የሩዝ ወንፊት በራሷ ላይ ተይዞላት፣ በሩ ላይ የተደረገውን ፍም ተራምዳ፣ ሸክላ ረግጣ ሰብራ ገባች። «ነብሮች ወደ ኋላ!» ብላ ጮኸች ወይዘሮ ፋን፤ ከጎረቤትም ሁለት ሦስት ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሆንግዩ በክፍሉ መሐል፣ በአዲስ ሱፍ፣ ደረቱ ላይ ቀይ አበባ ሰክቶ ቆሟል። ሙሽራይቱ ስትገባ ፈገግ አለችለት። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። በሐሰት የሚያምን ቢፈራ እምነቱ ነው፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ የሚሰግድለት ግን ምን ይባላል? ይህን ጥያቄ ስንቱን ሰው በአደባባይ ጠይቆ አሳፍሮበታል።

ሰዉ ለፎቶ ሲሰለፍ በጓሮ በኩል ሾልኮ ኩሽና ወረደ። አሊየን ቀይና ነጭ የሩዝ ድቡልቡሎች በስኳር ውሃ እየቀቀለች፣ እንዳይጣበቁ በጭልፋ ታማስላለች።

«እትዬ፣ አሁን ወጥቼ እናገራለሁ።»

«ማንን ለማዳን?» አለች ሳትዞር። «አሁን ብትናገር አልጋው ይነሣል፣ ብርድ ልብሱ ይቃጠላል፣ ልጅቷ እስክትወልድ ድረስ ስትባንን ታድራለች። እግዜር አያርገውና አንድ ነገር ብትሆን ስም ያወጡልሃል። እኔ ለምጄዋለሁ። ሆድ ይፍጀው።»

ያን ጊዜ ትከሻው ቀለል ሲለው ተሰማው። አዎ፣ ቀለለው! በዚህ ደረጃ ራሱን ንቆ አያውቅም። ፈቀደችልኝ ብሎ ሊወጣ ወደ በሩ ዞረ።

በሩ ላይ ጂንግሩ ቆማለች። ቀይ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛለች፣ እግሯ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ ነው፣ ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«የዕጣኑ ሽታ አቅለሸለሸኝ» አለች። «አክስቴ፣ የዝንጅብል ውሃ አለ?»

አሊየን ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ልጄ፣ አትቅረቢኝ። እሱ ይስጥሽ።»

«ነብር ነዎት፣ ነገሩኝ። ለዚያም ነው የመጣሁት።» ጂንግሩ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ዝንጅብሉን ሆንግዩ ቀዳላት፤ አልጠጣችውም። «የእኔ ልጅ የምትወለደው በሐምሌ ነው፣ በነብሩ ዓመት። ሴት ናት ብሎኛል ሐኪሙ። ከእናቴ በቀር ማንም አያውቅም። እናቴ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ‹ድሮ ቢሆን ቀኑን ቀይሮ ማስጻፍ ይቻል ነበር፤ ዛሬ ሆስፒታሉ ደቂቃውን ሳይቀር ይጽፋል› አለች። አክስቴ፣ እንዴት ነው የሚኖረው?»

አሊየን ጭልፋውን ከድስቱ አወጣች። በሰባ አንድ ዓመቷ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ምን ልበልሽ» አለች። «የዚህን ከተማ ኩሽና ሁሉ አውቃለሁ። የማን ምድጃ እንደሚጨስ፣ የማን ቢላዋ እንደማይቆርጥ። ሳሎኑን አላውቅም።» ትንሽ ሳቀች። «ግልፍተኛ ናት ይሉኛል። ሲገፉኝ እቆጣለሁ። ጥንቸል ብሆን ኖሮ ‹ተገፍታ ነው› ይሉኝ ነበር።»

ጂንግሩ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ልታለቅስ ነው።

ሆንግዩ ሳያስበው አፉ ተከፈተ። «እኔም ነብር ነኝ» አለ።

ጭልፋው ከአሊየን እጅ ወድቆ ወለሉ ላይ ጮኸ።

«በሬ አይደለሁም። እናቴ ቀኑን አስቀይራ ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አስተምሬያለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ልጄም ይኸው። ሚስቴን የገደላት ካንሰር ነው፣ እኔ አልበላኋትም። ዛሬ ክፍልሽ ገብቼ አልጋሽን ያነጠፍኩትም እኔ ነኝ፤ ምንም አልሆንሽም። ይህ ሁሉ ከንቱ ወሬ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጽፌዋለሁ! ሰው ማለት...»

ድምፁ እንደ ልማዱ እየጋለ፣ እጁም እንደ መድረክ እየተነሣ ነበር። ጂንግሩ ቀና ብላ አየችው። ልቅሶዋ ቆሟል። በዓይኗ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ሲሄድ አየ፤ በቦታው የመጣውን ትዝብት ግን ሊያየው አልደፈረም።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ታዲያ እሳቸው እዚህ ሲቀመጡ እርስዎ እላይ ምን ያደርጉ ነበር?»

የተነሣውን እጁን አወረደ።  

«ተይው ልጄ» አለች አሊየን ጭልፋውን እያነሣች። «ምግቡ ይጣበቃል።»

ጂንግሩ አልተወችም። ተነሥታ የአሊየንን እርጥብ እጅ ያዘች። አሊየን «ኧረ ቆይ፣ ኧረ ሴትዮዋ...» እያለች ስትግደረደር፣ ጂንግሩ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ደረጃው ይዛት ሄደች። «አልጋውን ደግመው ያንጥፉልኝ» ስትል ተሰማ። «ማዕዘኑ ጠማማ ነው።»

ሆንግዩ ሊከተላቸው አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ከላይ የወይዘሮ ፋን ጩኸት መጣ፤ ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፣ ዝግ ያለ፣ የማይነቃነቅ። ደግፎ የሚናገርላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ለመናገር ጊዜው ያለፈበት ሰው እሱ ነው።

ድስቱ ሊገነፍል ተነሣ። መምህር ኬ ሆንግዩ ደረቱ ላይ የሰካውን ቀይ አበባ ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ ጭልፋውን አጠበ፣ እሳቱን ቀነሰና ድቡልቡሎቹን ማማሰል ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የገዛ ቤቱ ምድጃ እንደሚጨስ ያወቀው።