ሳይሞቅ የተቃኘ

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ከጎረቤቶቼ ወንድማማቾች ታላቅየው እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ የጥገና ሱቄ ገባ። ሲንተሳይዘር ኪቦርዱን በትከሻው ተሸክሞ ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ ሲጥለው ካቻቢቴዎቼ ተፈናጠሩ። በነጫጭ የጣት መጫኛዎቹ መሀል ደም ገብቷል። ሁለቱ ተሰብረዋል።

"ያዝኩት!" አለኝ እያለከለከ። "አንተ እንዳልከው ነው። እጁ እላዩ ላይ እንዳለ ነው የያዝኩት።"

"ማንን?"

"ወንድሜን ነዋ! እጁን ሳያነሳ የዕቃውን ሳጥን ክዳን ደረገምኩበት። አንዴ እንዳይመስልህ።"

ወንድማማቾቹ ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አለፍ ብሎ የመለማመጃ ክፍል አላቸው። ታላቅየው ይጫወታል፤ ታናሽየው ዕቃ ይሸከማል፣ ገመድ ይሰካል፣ ይሰደባል። ቅድም ጩኸት ሰምቼ ነበር። ልምምድ መስሎኝ ሬዲዮዬን ከፍ አደረግሁ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ራሴው ልናገር፤ ሌላ የሚናገርልኝ የለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ይህንኑ ዕቃ አምጥቶ "መድረክ ላይ ቅኝቱ ይሸሻል፤ ዘፋኟ ሌላ አገር፣ እኔ ሌላ አገር" ብሎኝ ነበር። እኔ ጠዋት የሱቁን ማብሪያ ስጫን ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይበራል፣ ስዘጋ አብሮ ይጠፋል። ሃያ ዓመት የሠራሁት እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ ስለካው ቅኝቱ ንቅንቅ አላለም። ሲሞቅ መዋሉን ልብ አላልኩም። እንዲህ ያለ አሮጌ ሲንተሳይዘር እስኪሞቅ ድረስ ድምፁ እንደሚንሸራተት ለጀማሪ ሁሉ የምሰብከው እኔ ነኝ! ግን ሰውየው ሊወስደው መጥቶ ሦስት ጊዜ "እርግጠኛ ነህ?" ሲለኝ ደሜ ፈላ። ሰፈሩ ዶክተር የሚለኝ በከንቱ ነው እንዴ?

"ዕቃው ካንተ የተሻለ ጤነኛ ነው" አልኩት። "ሰው ነው የሚነካካብህ። ቤትህን ፈትሽ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

"አሁን የት ነው ልጁ?" አልኩ።

"ቆልፌበታለሁ።" ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከዚያ የእኔኑ መዶሻ አነሳ። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መድረክ አለብኝ። ምን እንዳበላሸ አሳየኝ። አበላሽቶ ከሆነ አንድ ደህና እጅ ቀርቶታል፤ እሷንም እሰብርለታለሁ።"

ዕቃውን ሰክቼ አበራሁት። ቀዝቃዛ ነበር። አንዱን መጫኛ በብረት ቁራጭ ተጭኜ ድምፁ እንዳይቋረጥ አደረግሁ፤ የቅኝት መለኪያውን አገናኝቼ፣ የዕቃውን መቃኛ አዙሬ መርፌውን መሀል ላይ አቆምኩና እጄን አነሳሁ። ማንም ሳይነካው መርፌው ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ። ድምፁም አብሮ ሄደ።

"አየኸው!" ብሎ ጮኸ። "ገድሎታል!"

"አዎ" ብል እኔም ደህና፣ ስሜም ደህና። እሱ ግን መዶሻውን ይዞ ሁለት በር ያልፋል። "አዎ" ልል አሰብኩ። ብዙ አሰብኩ፤ ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

"ምንም አላበላሸም" አልኩ በመጨረሻ። "ስላልሞቀ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መብራት አለበት፤ የሚቃኘው ከሞቀ በኋላ ነው። እኔ የለካሁት ሲሞቅ ውሎ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

መዶሻው ሲነሳ አየሁ፤ ሲወርድ አላየሁም። ግራ እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አጥንቴ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ የራሴን ጩኸት ሰማሁ። አንገቴን አንቆ ከመደርደሪያው ጋር አላተመኝ፣ ሬዲዮዎቹ አናቴ ላይ ወረዱ። "ቤትህን ፈትሽ ያልከኝ አንተ! አንተ!" እያለ አፌን በቡጢ ይደበድበዋል። ጥርሴን ከደሜ ጋር ዋጥኩት። አልተከላከልኩም፤ ያንን ቃል ያወጣ አፍ ቡጢው የሚገባው መስሎ ተሰማኝ።

ሲደክመው ወለሉ ላይ ጣለኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ግማሽ ሰዓት አልክ? እንጠብቃለን። መርፌው ካልቆመ ጭንቅላትህን ነው።"

"እስከዚያ ልጁን እንክፈትለት። ደም እየፈሰሰው ነው።"

"ዝም በል!"

ጠበቅን። ያ አንድ ድምፅ ይጮሃል፣ መርፌው ይሄዳል፣ እሱ መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። እጄ አብጣ ጓንት አከለች። ቀስ በቀስ መርፌው ሰነፈ። ቆይቶም ቆመ። በጉልበቴ ተነስቼ ወደ መሀል መለስኩት። አልተነቃነቀም። እሱ መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ጭራሽ አልተነቃነቀም።

"ማብሪያው ላይ ነበር" አለ።

"ምኑ?"

"እጁ። መቃኛው ላይ አልነበረም፣ ማብሪያው ላይ ነበር።" ፊቱ አመድ መሰለ። "ሁልጊዜ ቀድሞ እየመጣ ያበራዋል። እኔ ደግሞ ዕቃዬን አታስረጅብኝ ብዬ አጠፋዋለሁ። ዛሬም ተደብቆ ሊያበራልኝ... 'ጋሼ፣ ይሙቅ' ሲለኝ ነበር። ክዳኑን ስደረግምበት እንኳ እንደዚያ ነበር የሚለው።"

ቁልፉን በደህናው እጄ አንስቼ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ ወጣሁ። እሱ ከመርፌው ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

የመለማመጃው በር ላይ ደርሼ ቁልፉን በአንድ እጄ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ። ታናሽየው ኮቴዬን ሰምቶ ወንድሙ መሰለው።

"ጋሼ" አለ ከበሩ ሥር፣ በለቅሶ በደከመ ድምፅ። "ለመድረኩ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀርቶሃል። አብርተኸዋል?"